በክርስትና ድግስ መሐል በዚያ ስም ጠራኋት

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከድሮ ጀምሮ እከታተላለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምኖረው ጎንደር ነው። 37 ዓመቴ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ትዳሬ ከፈረሰ ቆየ። ልጅ የለንም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሴት ለማግባት ልቤ እሺ አላለኝም። ቡና ቤት ለቡና ቤት እየዞርኩ ማምሸትም አልወድም። በመጨረሻ በቴሌግራም ከአንዲት ሴት ጋር ተገናኘን። ለገንዘብ ከወንድ ጋር የምትወጣ ሴት ናት። ግን ለራሷ ነው የምትሠራው። ደላላ የላትም፣ ቡና ቤትም አትቀመጥም። ቀጠሮ የምትይዘው በስልክ ነው። 29 ዓመቷ ነው። «ቤቲ በለኝ» አለችኝ፤ ቤቲ እያልኩ ለመድኳት። መጀመሪያ ከመገናኘታችን በፊት የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን ፎቶ እንድልክላት ጠይቃኝ ነበር። ቅር እያለኝ ላክሁላት። ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ እንገናኛለን። ሰዓቷን ታከብራለች፣ ክፉ ቃል አይወጣትም። እኔም የማከብራት ይመስለኝ ነበር።

በቀደም የአክስቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ነበር። ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ አንዲት ሴት ጠላ ስትቀዳ አየሁ። እሷ ራሷ ናት። ደነገጥኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። አፌ አመለጠኝና «እንዴ ቤቲ! አንቺም እዚህ ነሽ?» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «ተሳስተሃል፣ ሰው መስዬህ ነው» አለችና ቀድታልኝ አለፈች። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ለካ እናቷ ናቸው። «ቤቲ የምትባል ልጅ የለችኝም» ብለው እየሳቁ እውነተኛ ስሟን ነገሩኝ። ቤታቸው የት እንደሆነም በጨዋታ መሐል አወቅሁ።

ማታ ደወልኩላት፤ አላነሣችም። ደጋግሜ ደወልኩ። በቴሌግራም ብዙ ጻፍኩላት። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ አስረዳሁ፣ ለመንኩ። እኩለ ሌሊት ላይ «ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ። እንዳትጽፍልኝም» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አክስቴ «ያችን ልጅ ከየት ታውቃታለህ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ዋሽቻቸው አላውቅም። ድግሱ ላይ አጠገቤ የነበረ አብሮ አደጌ ደግሞ የገባው ይመስለኛል። ይስቃል። «ቁጥሯን ወዲህ በል፣ ፎቶ ካለህም ላክ» ይለኛል። ወንዶች የእንዲህ ዓይነት ሴቶችን ፎቶና ቁጥር የሚቀባበሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። አልሰጠሁትም፤ ግን እምቢም አላልኩትም።

አሁን ምን ላድርግ? ቤቷን ስላወቅሁ ሄጄ በአካል ይቅርታ ልጠይቃት? ወይስ በቴሌብር የተወሰነ ብር ልላክላትና ትካስ? ለአክስቴስ ምን ልበላቸው? ሌላም ፍርሃት አለብኝ። መታወቂያዬ እሷ ጋ ነው። ተናዳ መሥሪያ ቤቴ ብትልከውስ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ከጎንደር

መልስ

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። ከላይ የወጣው ደብዳቤህ ሙሉው አይደለም። አንተ በላክልኝ ላይ የልጅቷ እውነተኛ ስም ነበረበት። የእናቷ ስምም ነበረበት። ቤታቸው ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በታች እንደሆነ ሳይቀር ጽፈሃል። ሁሉንም አወጣሁት። የአክስትህን ሰፈርና የመሥሪያ ቤትህንም አብሬ አወጣሁ። ልቆጣህ ብዬ አይደለም። ሰው ሲጨንቀው የያዘውን ሁሉ ይዘረግፋል። ግን ምክር ለመጠየቅ ከነዚህ አንዱም አላስፈለገህም ነበር። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ልመድልኝ። ስለ እሷ ከመናገርህ ወይም ከመጻፍህ በፊት «ይህ ቃል የግድ ያስፈልጋል?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

ድግሱ ላይ ያደረግኸው ከክፋት አልመጣም። ደብዳቤህን ሳነብ «ደስ አለኝ» ያልከው ላይ ቆም ብያለሁ። እኛ አገር ነውሩ የሚያውቁትን ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነው። ሰላም ሳይል ያለፈ ሰው «ኮራብን» ይባላል፤ «ምን አድርጌው ይሆን?» ተብሎ ሳምንት ይወራበታል። አንተም ያደግህበትን ነው ያደረግኸው። በእንዲህ ዓይነት ግንኙነት ግን ጨዋነቱ ይገለበጣል። ከሁለታችሁ ቀጠሮ ውጪ እሷ ቀድማ ሰላም ካላለችህ አታውቃትም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረህም፤ አሁን አወቅኸው።

ምን እንደነካህባት ግን በደንብ እንድታይልኝ እፈልጋለሁ። ቀሪው ምክሬ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሣው።

ጎንደር ሰፍታለች። ከአዘዞ እስከ ማራኪ ስንት የማንተዋወቅ ሰዎች እንኖራለን። ድግስና ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ግን አሁንም የመጀመሪያ ጥያቄያችን «የማን ልጅ ናት?» ነው። ዕድሩም፣ ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም ቤተሰብን ከቤተሰብ ያስተሳሰረ ነው። በዚያ ዳስ ውስጥ እሷ የእናቷ ልጅ ነበረች፤ ለጎረቤት ደርሳ ጠላ የምትቀዳ፣ የተመሰገነች ልጅ። በስልክ ደግሞ ቤቲ ናት። ሁለቱ እንዳይገናኙ ስትጠነቀቅ ነው የኖረችው። አንተ ባንድ አፍታ አገናኘሃቸው፤ በእናቷ ፊት።

ነገሩ ቢታወቅ የምታጡት እኩል አይደለም። አንተ ትታማለህ። አለቃህ በጎሪጥ ያይህ ይሆናል። ጥቂት ወራት አልፈው ሌላ ወሬ ሲመጣ ያንተ ይረሳል። እሷ ግን የምትኖርበትን ቤት ልቀቂ ልትባል ትችላለች። ወንድም ካላት እጁን ሊያነሣባት ይችላል። እናቷ ማኅበር መሄድ ያፍራሉ። ነገ ላግባ ብትል፣ ሌላ ሥራ ልጀምር ብትል፣ ያ ስም እየተከተለ ይጠራባታል።

ሕጉንም ብዙ ሰው አዛብቶ ስለሚያውቀው ልንገርህ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንዲት አዋቂ ሴት ይህን ሥራ ለራሷ ስለሠራች ብቻ ወንጀለኛ አይላትም። የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን ነው። ሕጉ ባይከሳትም ሰዉ ግን ይፈርድባታል። ስለዚህ አንዱ ቢመታት ወይም ገንዘቧን ቢቀማት ፖሊስ ጣቢያ ለመሄድ ትፈራለች። «ከየት አወቅሽው?» ሲሏት ምን ትመልሳለች? መታወቂያህን የጠየቀችህም ለዚህ ይመስለኛል። ከማታውቀው ወንድ ጋር በር ዘግታ የምትቀመጥ ሴት ናት። ማንነቱን አስቀድሞ ማወቅ ካሏት ጥቂት መከላከያዎች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎችህ ልምጣ።

ቤቷ አትሂድ። እዚህ ላይ አላመነታም። በሩን የሚከፍቱልህ እናቷ ቢሆኑስ? ምን ልትላቸው ነው? ጎረቤት ያያል፤ «ማን ነው ያ ሰውዬ?» ይባላል። ደግሞ በእሷ ቦታ ሆነህ አስበው። «እንዳትደውልልኝ» ካልከው በኋላ ቤትህ ድረስ የመጣ ሰው ያስፈራል። አበባ ቢይዝ፣ ቢያለቅስ፣ ቢምል ያስፈራል። ቤቷን ያወቀና እምቢታዋን የማይሰማ ወንድ ሆነህ ነው የምትታያት። ለጊዜው በዚያ ሰፈር በሰበብም አትለፍ። በሰው በኩል ሰላም ማለት፣ ሽማግሌ ቢጤ መላክ፣ የአክስትህን ልጆች ስለ እሷ መጠያየቅ፣ ይህ ሁሉ ከመሄድ አይለይም።

ብሩንም ተወው። ያልከፈልከው ያደረ ሒሳብ ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ግን ያለብህ አይመስለኝም። ሳትጠይቅህ የምትልከው ብር ምን ይመስላታል? ወይ «አፍሽን ያዢ» ነው፣ ወይ «ተመለሺልኝ» ነው። ቴሌብር ደግሞ የላኪና የተቀባይ ስም ያወጣል፤ መልእክቱም ስልኳ ላይ ይቀመጣል። ያን ሰዓት ስልኳን የያዘችው እኅቷ ብትሆንስ? የማታውቀው ወንድ ስም ከነብሩ ይመጣል። ሌላ ድንጋጤ አትጨምርባት።

መልእክትም አትላክላት። «እንዳትጽፍልኝ» ብላሃለች፤ በቃ። ይህ ከሁሉም በላይ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ጥፋትህን ተናግረህ፣ «እሺ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ተብለህ መተኛት ነው የምትፈልገው። ያንን እንቅልፍ ግን ከእሷ መጠየቅ አትችልም። እሷም ሰሞኑን የተኛች አይመስለኝም። ይቅርታህን በዚያው ሌሊት ሰምታዋለች፤ ብትደግመው አይጨምርላትም። የሚያረጋጋት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀኑ አልፎ፣ ሳምንቱ አልፎ፣ ወሩ አልፎ ማንም ምንም አለማወቁን ስታይ ትረጋጋለች። ያንን ልታደርግላት የምትችለው ደግሞ አንተ ነህ።

በዚያ ሌሊት የጻፍክላትን ግን መልሰህ አንብበው። ቴሌግራም የላክኸውን ከሁለታችሁም ስልክ እንድታጠፋ ይፈቅዳል። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለምትገናኙበት ቦታ የሚያወራ ካለበት አጥፋው። ስልኳ ሰው እጅ ቢገባ እንዳይመሰክርባት። ጥፋቴ ነው ብለህ ይቅርታ የጠየቅህበትን ግን ተወው። ነገ አንተ ብትለወጥባትና ብትዝትባት ጥፋቱ ያንተ እንደነበር የሚያሳይ ነገር በእጇ ቢኖር ይበጃታል። እኔ አትለወጥም ብዬ አምናለሁ፤ እሷ ግን እንዲህ ብላ የማመን ግዴታ የለባትም።

በዚያው የራስህን ስልክ ክፈት። በምን ስም ነው የመዘገብካት? «ቤቲ ቢዝነስ» ወይም እንዲህ ያለ ነገር ብለህ ከሆነ ቀይረው። ስልክህን ልጅ ይነካዋል፣ ባልደረባህ ይዋሰዋል፣ ሲጠራ ስሙ ይበራል። የደዋዩን ስም የሚያሳየውን ትሩኮለር የሚባል መተግበሪያ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልግሃል። እዚያ የሚወጣው ስም ተጠቃሚዎች ከሚሰጡት የሚመጣ ነው። አንድ ሰው በሥራዋ ስም ከጠቆማት፣ ቁጥሯን የሚፈልግ እንግዳ ሰው ሁሉ ያንን ሊያይ ይችላል፤ አጎቷም ጭምር። ስክሪንሾት ያደረግኸው ፎቶ ካለ አጥፋ። ጋለሪውን ብቻ አይደለም፤ ቅርጫቱንና ወደ ጉግል ፎቶስ በራሱ የሚሄደውንም እይ። እውነተኛ ስሟን ደግሞ የትም አትጻፈው፤ ፌስቡክ ላይ አስገብተህ አትፈልጋት። እንደምትፈተን አውቃለሁ። ሌሊት ሲሆን እጅ ወደዚያ ይሄዳል። አትፈልጋት።

አብሮ አደግህ ነው ከሁሉ የሚያሳስበኝ። «አልሰጠሁትም፤ ግን እምቢም አላልኩትም» ብለሃል። እሱ ይህንን «ቆይ ይሰጠኛል» ብሎ ነው የሚወስደው። መሳቅህን «አዎ» ብሎ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትል በአካል አግኘው። በጽሑፍ አታድርገው፤ የጻፍከውን ስክሪንሾት አድርጎ እዚያው ግሩፕ ላይ ሊጥለው ይችላል። ሳትስቅ፣ ሳትቆጣም እንዲህ በለው። «ስማኝ፣ ያን ቀን ሰው መስላኝ ነው። የምሰጥህ ቁጥርም ፎቶም የለኝም። ልጅቷ የሰው ልጅ ናት፤ እናቷ እኮ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ።» «ኧረ ባክህ፣ እኔን ትደብቀኛለህ?» ይልሃል። ያኔ ማብራራት አትጀምር። «አታንሣብኝ አልኩህ» ብለህ ወሬ ቀይር። አንድ ዝርዝር ከሰጠኸው ሌላ ይጠይቅሃል።

ወዳጅነቱን ላጣው እችላለሁ ብለህ ትፈራ ይሆናል። ሊቀየምህ ይችላል፤ አዎ። ግን ያ ግሩፕ የሚያደርገውን አስበው። ፎቶዋና ቁጥሯ አንዴ ከገባ ማንም አያወጣውም። በቀን ሃያ ሰው ይደውልላታል። ገንዘብ ካልላክሽ ለቤተሰብሽ እናገራለሁ የሚል ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 13 ሰውን በእንዲህ ዓይነት መንገድ ማስፈራራትንም፣ ክብሩንና ስሙን የሚያጎድፍ ጽሑፍ ወይም ምስል ማሰራጨትንም ወንጀል ያደርጋል፤ በእስራት ያስቀጣል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው የግል ሕይወት ያስከብራል። እሷም «ማንኛውም ሰው» ውስጥ ናት። ይህንን ለአብሮ አደግህ ብትነግረው አይከፋም፤ ሌላው ቃል ባይገባው ይሄኛው ይገባዋል። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ግሩፑ ውስጥ እንዳለ ከየት አወቅህ? አንተም ካለህበት ለእኔ መንገር አያስፈልግህም። ዛሬ ማታ ውጣ።

አክስትህን በተመለከተ ደግሞ ጭንቀትህ ይገባኛል። ያሳደጉህን ሰው ዓይን እያዩ መዋሸት ይከብዳል። ግን ልጅቷ ራሷ መልሱን ሰጥታሃለች። «ሰው መስዬህ ነው» ብላለች፤ በሁሉ ፊት። አሁን አንተ ሌላ ነገር ብትል ውሸታም የምትሆነው እሷ ናት። «እቴቴ፣ አንዲት የማውቃት ልጅ መስላኝ ነው፤ አፈርኩ እኮ» በላቸውና ቡናውን ያዝ። ስለዚያች «የማውቃት ልጅ» ታሪክ አትፍጠር። የት ተማረች፣ የት ሠራች እያልክ ከጨመርክ እሳቸው በሦስተኛው ጥያቄ ይይዙሃል፤ እናቶቻችንን ታውቃቸው የለ? ቃሉ ሕሊናህን ከከበደህ ለንስሐ አባትህ ውሰደው። እዚያ የራስህን ተናገር። የእሷን ስም እሳቸውም አይጠይቁህም። አንዳንድ ሰው «እውነቱን ተናግሬ ልገላገል» ይላል። ያንተን እውነት መናገር ትችላለህ፤ ይህኛው ግን ግማሹ የእሷ ነው፤ አንተ ብቻህን የምታወጣው አይደለም።

ስለ መታወቂያህ። የፈራኸው አልገረመኝም። ስም የሁሉም ሀብት ነው። ግን ረጋ ብለህ አስበው። እሷ መታወቂያህን መሥሪያ ቤትህ ብትልክ «ከየት አመጣሽው?» ትባላለች። አንተን ለማጋለጥ መጀመሪያ ራሷን ማጋለጥ አለባት። በደብዳቤህ እንደነገርከኝ ሰዓቷን የምታከብር፣ ክፉ የማይወጣት ሴት ናት። ያንን ሌሊት እንኳ የጻፈችልህ «ተወኝ» ብላ እንጂ ዛቻ የለበትም። «መታወቂያዬን አጥፊልኝ» ብለህም አትጻፍላት፤ እሱም መጻፍ ነው። ምናልባት አንድ ቀን የሚያስፈራራህ ሰው ቢመጣ፣ እሷ ሳትሆን ስልኳን ያገኘ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ብር አትክፈል። አንዴ የከፈለ ሁለተኛ ይጠየቃል። መልእክቱን አስቀምጥ፣ አትሳደብ፣ ጠበቃ አማክረህ ለፖሊስ አመልክት። አሁን ግን የተከሰተ ነገር የለም።

ደግማችሁ መገናኘታችሁ አይቀርም። ቤተሰቦቻችሁ ተዋውቀዋል። ጥር ሲገባ ደግሞ ከተራና ጥምቀት አለ፤ ከተማው በሙሉ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳል። ፒያሳም ላይ ፊት ለፊት ልትገጣጠሙ ትችላላችሁ። ያኔ ምን ታደርጋለህ? ዓይንህን አትትከልባት። ዘወር ብለህም አትሩጥ፤ እሱም ያስጠረጥራል። እንደማንኛውም መንገደኛ እለፍ። እናቷ ካሉ እሳቸውን «እንደምን አሉ?» በላቸው፤ ለእሷ የምትሰጠው ሰላምታ ለማንኛውም የእናቷ ልጅ ከምትሰጠው አይብለጥ፣ አይነስም። እሷ ካላየችህ አንተም አላየሃትም። ሞቅ ብሎህ ከሆነ ደግሞ ከአካባቢው ራቅ። መጠጥ ሲገባ ምላስ ይላላል፤ ሚስጥር የሚወጣው በአብዛኛው ከመለኪያ በኋላ ነው።

እሷ ራሷ ብትደውልልህስ? ሊሆን ይችላል። አንሣ፣ አጭር ሁን። «ጥፋቴ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። አንቺ እንዳልሽ ይሁን» በላት። ስለ እናቷ አትጠይቃት። በእውነተኛ ስሟ አትጥራት፤ ያንን ስም ለአንተ የሰጠችህ እሷ አይደለችም። ከእሷ ጋርም ሆነ ከሌላ ሴት ጋር ብትገናኝ ደግሞ ጥቂቱን ነገር ያዝ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ስትደርስ ሳትጠየቅ ስጥ፣ አትከራከር። ሰክረህ አትሂድ። ሰዓት ካለቀ ተነሣ። ፎቶ አታንሣ። «ለምን በዚህ ሥራ ገባሽ?» አትበል። ኮንዶም ለድርድር አይቀርብም፤ ከተቀደደ ወይም ከወለቀ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ያለበት መከላከያ መድኃኒት አለና ሳትውል ሳታድር ጤና ተቋም ሄደህ ጠይቅ። የኤችአይቪ ምርመራውንም በየጊዜው አድርግ። የቀረበችህ ሴት ከ18 ዓመት በታች ከመሰለችህ፣ ወይም ገንዘቡን የሚቀበልላትና የሚያዛት ሌላ ሰው ካየህ፣ ያ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውጣ፣ አመልክትም።

ወንድሜ፣ ያልጠየቅኸኝን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድግሱ ላይ ስታያት ለምን ያን ያህል ደስ አለህ? «ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ» ስትልህስ ይበልጥ የጎዳህ የቱ ነው፤ እሷን መጉዳትህ፣ ስምህ፣ ወይስ እሷን ማጣትህ? ከፍቺህ በኋላ በወር አንዴ ቁጭ ብሎ የሚሰማህ ሰው እሷ ብቻ ሆና ከነበረ፣ ሐዘንህ የሰው ሐዘን ነው፤ አታፍርበት። ግን ያ ስሜት ያንተ ነው። እሷ ሥራዋን በጨዋነት መሥራቷ ካንተ ጋር የሚያስተሳስር ቃል አይሆንባትም። «እወድሻለሁ» ለማለት አስበህ ከሆነ፣ አሁን ጊዜው አይደለም፤ እምቢታዋን ያከበርክበት ረጅም ጊዜ ሳያልፍም አይሆንም።

ያንን ባዶ ቦታ የምትሞላበት ሌላ ሰው ግን ያስፈልግሃል። ስለዚህች ልጅ ሳታነሣ ስለ ፍቺህ፣ ስለ ብቸኝነትህ የምታወራው ወንድም ወይም የቆየ ወዳጅ አለህ? አብሮ አደግህን ማለቴ አይደለም። ካለ በዚህ ሳምንት ቡና ጋብዘው። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ከዘለለ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ ሄደህ «ከተፋታሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ» ብትላቸው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ እንድትናገር የሚያስገድድህ የለም።